ሸለቆው ለቤተ ክርስቲያን የሚያዋጣው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ሕፃናት፣ ባለፉት ክፍሎች ስለ ሥነ ፍጥረት ስንማር፣ በዕለተ ማክሰኞ ስለ ተፈጠሩት ፍጥረታት ተነጋግረን ነበር። አባቶቻችን እነዚህን በሦስት ወገን ከፍለው እንደሚያስተምሩን ታስታውሳላችሁ፤ በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በምሳር የሚቈረጡ ዕፀዋት። ይህን ሁላችሁም በቃላችሁ ትሉታላችሁ።

ነገር ግን "በምሳር ከሚቈረጡት አምስቱን ጥሩልኝ" ብዬ ስጠይቃችሁ፣ ሁላችሁም በአንድ ድምፅ "ባሕር ዛፍ!" አላችሁና ዝም አላችሁ። አልፈርድባችሁም። ፉሪ ላይ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሲወጣም ሲገባም የሚያየው ባሕር ዛፍን ነው። ስለዚህ ዛሬ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በዓይኔ ካየሁት ልንገራችሁ። የምነግራችሁ ስለ ዓባይ ሸለቆና በገደሉ ላይ ስለሚበቅሉት ዕፀዋት ነው። ሸለቆው ከእኛ ሰፈር ሩቅ ነው። ሆኖም በየእሑዱ በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እንደምታገኙት ስትሰሙ ትገረማላችሁ።

በመጀመሪያ የራሳችንን ሰፈር እንወቅ። ደጃፋችን ላይ የቆመው የፉሪ ተራራ ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ 800 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በክረምት ከቤታችሁ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? በትንንሽ ጅረቶች አድርጎ ወደ አቃቂ ወንዝ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ከፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚነሣው ባቡር እንደሚሄደው ወደ ምሥራቅ ይወርድና በአፋር ምድር፣ በጅቡቲ ጠረፍ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር አይደርስም።

ከእንጦጦ ተራራ ወዲያ በሰሜን በኩል የወደቀው ዝናብ ግን ሌላ መንገድ አለው። እርሱ በሙገርና በጀማ ወንዞች በኩል ወደ ዓባይ ይገባል። ዓባይም ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ ይሄዳል። እንግዲህ በእንጦጦ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ከወደቁት ሁለት ጠብታዎች አንደኛው በአፋር በረሃ ሲቀር፣ ሁለተኛው ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ የተሰደደችበትን የግብፅን ምድር ያጠጣል ማለት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ከኤደን ከሚወጡት አራት ወንዞች አንዱ ግዮን እንደሚባል ተምራችኋል። ግዮን የተባለው ዓባይ እንደ ሆነም አባቶቻችን ያስተምሩናል።

እኔ ይህን ሸለቆ መጀመሪያ ያየሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ለአብነት ትምህርት ወደ ጎጃም ስሄድ አውቶቡሱ ጎሃ ጽዮን ከተማ ላይ ቆመ። ጎሃ ጽዮን ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እስከዚያ ድረስ መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነበር። ከከተማው ጥቂት እንደ ወጣን ግን ምድሪቱ በድንገት አለቀች። ከፊት ለፊታችን ገደል ብቻ ሆነ። ከገደሉ ማዶ ደግሞ ሌላ ገደል፣ በላዩም የጎጃም ሜዳ ይታያል። ከአጠገቤ የተቀመጡት እናት አማተቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ግን አንገቴን በመስኮት አውጥቼ አየሁ።

ጎሃ ጽዮን ከባሕር ወለል 2 ሺህ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ግን 1 ሺህ 50 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 1 ሺህ 400 ሜትር ያልፋል። መኪናው እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እየተጠማዘዘ ወጥቶ ደጀን ከተማ ሲደርስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስንነሣ ጋቢ ለብሰን ነበር፤ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጋቢውን አውልቀን ላባችንን ጠረግን። ደጀን ስንደርስ መልሰን ለበስነው።

ይህ ለምን ሆነ? ወደ ላይ 1 ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ወደ ታች ስንወርድም በዚያው ልክ ይሞቃል። ስለዚህ በዚህ ገደል ላይ ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው ልክ እንደ ቤት ደረጃ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ይገኛሉ። ሰው ከደጋ ወደ ቆላ ለመሄድ በሌላ ቦታ ቀናት ይፈጅበታል፤ እዚህ ግን በአንዲት ጠዋት ያልፈዋል። እያንዳንዱም ደረጃ የየራሱ ዕፀዋት አሉት።

ድንጋዩም እንዲሁ ተደርድሯል። ከላይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ አለ። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጀሶ ይገኛል። ከታች ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ አለ። የላይኛውን የአሸዋ ድንጋይ የሥነ ምድር ባለሙያዎች በደብረ ሊባኖስ ስም ይጠሩታል። በኖራው ድንጋይ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅሪት ስለሚገኝ፣ በጥንት ዘመን ስፍራውን ባሕር ሸፍኖት እንደ ነበረ ይናገራሉ። ሰፈራችን ውስጥ በየጊዜው በሚሠሩት ቤቶች ላይ ሙገር የሚል ጽሑፍ ያለበት የሲሚንቶ ከረጢት አይታችሁ ይሆናል። ሙገር የዓባይ ገባር ነው፤ ሲሚንቶውም የሚሠራው ከሙገር ሸለቆ ከሚቈፈረው የኖራ ድንጋይ ነው።

የዛፎቹን ስም ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። እኛ የቆሎ ተማሪዎች እንጨት ለቀማ ስንላክ የኔታ "ይህን ቍረጡ፣ ያን አትንኩ" ይሉን ነበር። ስሙን ያላወቀ ተማሪ ደግሞ የማይነካውን ነክቶ ይመጣል። ስለዚህ ከቅኔው ጎን የእንጨቱንም ስም አጠናን። አሁን ከላይ ወደ ታች ልውሰዳችሁ።

በመጀመሪያ ደጋው ነው። የደጋው ዛፎች ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ናቸው። ጽድ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ሽታው የሚያውድ፣ እንጨቱ ምስጥ የማይደፍረው ነው። ወይራ ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ገርጣ ያለ ነው፤ እናቶቻችን የወተቱን ዕቃ የሚያጥኑት በእርሱ ነው። ኮሶ አበባው ተንዠርጎ የሚወርድ ሲሆን፣ አያቶቻችን የኮሶ ትልን ለማስወጣት ይጠጡት ነበር። የትሉም ስም ከመድኃኒቱ ስም አንድ መሆኑን ልብ አድርጉ። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ጎሃ ጽዮን ባለው ሜዳ ላይ እነዚህ ዛፎች በብዛት አይታዩም፤ መሬቱ ታርሷል። ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ጉብታ ካያችሁ ግን ሳትጠይቁ ዕወቁ፤ በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን አለ።

ቀጥሎ ወይና ደጋው ነው። ገደሉ እዚህ ላይ ቁጥቋጦ ይለብሳል። ክትክታ አለ፤ ድንጋያማ መሬት ላይ እንኳ ሥሩን ሰዶ አፈሩን ይይዛል። ቁልቋል እንደ መቅረዝ ቅርንጫፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ይቆማል። ቁልቋልን ብታገኙ እንዳትሰብሩት አደራ፤ ነጩ ወተቱ ዓይንን ይጎዳል። ዋንዛም በዚህ ይጀምራል። ቅጠሉ ሰፋፊ፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ቢጫና የሚያጣብቅ ጣፋጭ ነው። እኛ ተማሪዎች ዋንዛ ሥር ስንደርስ ጉዞው ይቆም ነበር።

እንዶድም የሚበቅለው እንደዚህ ባለው ስፍራ ነው። ሳሙና በየቤቱ ሳይገባ በፊት እናቶች ነጠላ የሚያጥቡት በእንዶድ ፍሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ናቸው። ዶክተሩ "ለምን ሞቱ?" ብለው ጠየቁ፤ መረመሩም። እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድልም ለዓለም አሳወቁ። ያንን ውኃ ከእርሳቸው በፊት ስንት ሰው ተሻግሮት እንደ ነበረ አስቡ! እርሳቸው ግን ቆም ብለው አዩ፤ ጠየቁም። እናንተም በመንገዳችሁ ያያችሁትን ሁሉ "ይህ ምንድን ነው? ለምን እንዲህ ሆነ?" ማለትን ልመዱ።

በመጨረሻ ቆላው ነው። እዚህ ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ ዝናቡም የሚዘንበው ለጥቂት ወራት ነው። የቆላ ዛፎች ብዙዎቹ በበጋ ቅጠላቸውን አራግፈው ዕርቃናቸውን ይቆማሉ። የማያውቅ ሰው ቢያያቸው የደረቁ ይመስሉታል፤ እነርሱ ግን ውኃቸውን ቆጥበው ክረምቱን እየጠበቁ ነው። በወንዙ ዳር ሾላ አለ። በወንጌል ዘኬዎስ ጌታችንን ለማየት የወጣበት ዛፍ ሾላ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። በዚያው ውኃ ዳር መቃ ይበቅላል። በደረቁ ተዳፋት ላይ ደግሞ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ አንድ ዛፍ አለ። በሳይንስ የተሰጠው ስምም ወረቀት ተሸካሚ ማለት ነው። ይህ ዛፍ የዕጣን ዛፍ ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእናንተ መካከል አንዲት ልጅ "ጋሼ፣ ዕጣን ከየት ነው የሚመጣው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሌላው ልጅ ቀድሞ "ከሱቅ ነዋ!" አላት። ሁላችሁም ሣቃችሁ። ጥያቄዋ ግን ለእኔም ቁም ነገር ሆነብኝ። በዚያ ቀን ማታ ቅዳሴያችን ከየት ከየት እንደሚሰበሰብ በወረቀት ላይ ጻፍሁ። የጻፍሁትም ይህ ነው።

ከደጋው ጽድ ይመጣል፤ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ምሰሶና በር ከእርሱ ይሠራ ነበር። ወይራም ይመጣል፤ ጠንካራ እንጨት ስለ ሆነ ለመቋሚያ ይሆናል። በስቅለት ዕለት ካህናት አባቶች ጀርባችንን ቸብ ቸብ የሚያደርጉበት ጥብጠባም የወይራ ቅጠል ነው። ከወይና ደጋው ዋንዛ ይመጣል፤ ያሬዳዊ ዜማ ስትዘምሩ የምትመቱት ከበሮ እንጨቱ ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው። ከወንዝ ዳር መቃ ይመጣል፤ መጻሕፍቶቻችንን በብራና የጻፉ አባቶች ብዕራቸውን የቀረጹት ከእርሱ ነው። ከረግረጉ ቄጠማ ይመጣል፤ በቅዳሜ ሥዑር በራሳችን ላይ የምናስረው እርሱ ነው። ሁሉም ደረጃ የሚያብበውን ያብባል፤ ንብ ትቀስማለች፤ ከሰሟም ጧፍ ይሠራል። ከቆላው ደግሞ ዕጣን ይመጣል፤ በማዕጠንቱም ያርጋል።

እንግዲህ ልጆች፣ ቆላና ደጋው በአንድነት ካልተባበሩ ቅዳሴያችን አይሞላም። ደጋው ብቻውን ዕጣን የለውም፤ ቆላውም ብቻውን ጽድ የለውም።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። ሰዎች ዕጣኑን የሚያገኙት በበጋ ወራት የዛፉን ቅርፊት በትንሹ እየፋቁ ነው። ከተፋቀው ቦታ እንደ ነጭ እንባ ያለ ፈሳሽ ወጥቶ ይደርቅና ይለቀማል። በአገራችን ለገበያ የሚሆነው በመተማ አካባቢና በትግራይ ቆላዎች በብዛት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ በብዙዎቹ የዕጣን ደኖች ውስጥ ትንንሽ ዛፎች የሉም። ትልልቆቹ ቆመዋል፤ ፍሬም ያፈራሉ፤ ልጅ ግን የላቸውም። የበቀለውን ቡቃያ እሳት ያቃጥለዋል፤ ከብት ይበላዋል። ትልቁም ያለ ዕረፍት ሲፋቅ ይደክማል፤ ጥንዚዛም ይበላዋል። በዚሁ ከቀጠለ በሃያ ዓመት ውስጥ የሚገኘው ዕጣን በግማሽ እንደሚቀንስ አጥኚዎቹ ገምተዋል። በሃያ ዓመት ውስጥ እናንተ የእኔን ዕድሜ ታክላላችሁ። ከመካከላችሁም ካህን ሆኖ የሚያጥን ይኖራል።

ተስፋ የሚሰጠውንም ልንገራችሁ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የሚገኙትን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ለብዙ ጊዜ አጥንተዋል። ማርጋሬት ሎውማን ከተባሉ አሜሪካዊት የደን ሊቅ ጋር ሆነውም፣ የየአጥቢያው ምእመናን በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲክቡ ረድተዋል። ድንጋዩም ከእርሻው የተለቀመ ስለ ሆነ እርሻው ይጸዳል፤ ደኑም ይታጠራል። ካብ ሲኖር ከብት አይገባም፤ ከብት ካልገባም ከእናት ዛፍ ሥር የወደቀው ዘር በቅሎ ያድጋል። ትልቅ ገንዘብ ሳይሆን ድንጋይና ትጋት የሠራው ነው።

በእኛስ ደብር? ባለፈው ክረምት ከእናንተ ጋር በግቢያችን ምሥራቅ በኩል 24 ችግኝ ተከልን፤ 10 ጽድ፣ 8 ወይራ፣ 4 ዝግባና 2 ኮሶ። ከመካከላችን በሃይላንድ ውኃ እየያዘ ይመጣ የነበረውን ልጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቧንቧ በጠፋበት በመጋቢት ወር እንኳ ከቤቱ የተረፈውን ውኃ አምጥቶ ያጠጣ ነበር። በግ ገብቶ የበላው አለ፤ ፀሐይ ያደረቀውም አለ። ከትንሣኤ በኋላ ስንቆጥር 11 ቀርተዋል። ሁለቱም ኮሶዎች የሉም።

አንድ አባት "ባሕር ዛፍ ብትተክሉ ኖሮ በሦስት ዓመት ጣራ በደረሰላችሁ ነበር" አሉን። እውነታቸውን ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ አዲስ አበባን በማገዶና በአጠና አኑሯታል፤ ልንንቀው አይገባም። ነገር ግን ውኃ ስለሚሻማና ቅጠሉ ስለሚያስቸግር ከሥሩ ሌላ ነገር እንደ ልብ አይበቅልም። ጽድ ግን አዝጋሚ ነው። ዛሬ የተከልነውን ጽድ ትልቅ ሆኖ የሚያየው የእናንተ ልጅ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ችግኞቻችን ያሉበት ቦታ ለአዳራሽ ይፈለጋል። አዳራሹም የሚያስፈልገው ለእናንተው ነው፤ በዝናብ ጊዜ ቆርቆሮው ሥር ተጨናንቃችሁ ስትማሩ አያለሁና ይህን አልክድም። ሰበካ ጉባኤው በጥር ወር ይወስናል። እኔም አዳራሹ ጥቂት ወደ ምዕራብ ጠጋ ቢል ሁለቱም እንደሚበቁ በሜትር ለክቼ አቅርቤአለሁ። ምን እንደሚወሰን ገና አላውቅም። እስከዚያው ድረስ ግን 11ዱ ውኃ ይፈልጋሉ። ተራ የደረሰው ቡድን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዳይቀር፤ በበሩም በኩል እሾኹን መልሳችሁ ዝጉት።

በቤታችሁ የምትሠሩት

1. አያታችሁን ወይም ሌላ ታላቅ ሰው ጠይቃችሁ የአምስት ዛፎችን ስም፣ የየት አገር ዛፍ እንደ ሆኑና ምን እንደሚሠራባቸው ጽፋችሁ አምጡ። ባሕር ዛፍ አይቈጠርም።

2. በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከዕፀዋት የተሠሩ ሰባት ነገሮችን ቆጥራችሁ ጻፉ።

3. በፉሪ የዘነበ ዝናብ ባሕር ይደርሳልን? መንገዱን ሥላችሁ አሳዩ።

4. የዕጣን ዛፍ ትንንሽ ዛፎች ለምን አነሱ? ሁለት ምክንያት ተናገሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።